ስለ ሕመምተኛ መጠበቂያ ደወል
በሆሳዕና፣ በንግሥት እሌኒ ስም ወደ ተሰየመው ሆስፒታል ከሐዲያም ከከምባታም ሕመምተኛ ይመጣል። እንዲህ ባለ ሥፍራ ከጽኑ ሕመምተኛ ራስጌ የሚቆመው ሞኒተር የልብን ትርታ፣ የደምን ግፊትና በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን እየለካ፣ ልኩ ከተወሰነለት ወሰን ሲወጣ ይደውላል።

ነገር ግን ደወል ሁሉ መርዶ አይደለም፤ ጣት ሲቀዘቅዝ፣ መቆንጠጫው ሲንሸራተት ወይም ጥፍር ቀለም የተቀባ ሲሆን መሣሪያው ሊሳሳት ይችላልና። ደግሞም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በሆሳዕና የጤነኛ ሰው ኦክሲጅን እንኳ ከቆላው ጥቂት ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ወሰኑን ማበጀት የሐኪም ፈንታ ነው።

እንግዲህ አስታማሚዎች ሆይ፣ ደወሉን ስትሰሙ ወዲያው ነርስ ጥሩ፤ እስክትደርስም ከመሣሪያው ይልቅ የሕመምተኛውን ፊትና ትንፋሽ ተመልከቱ። ድምፁ አስጨነቀን ብላችሁ በገዛ እጃችሁ አታጥፉት። መሣሪያው ዝም ስላለ ሕመምተኛው ዳነ ማለት አይደለምና።