በዓመት በዓል መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው ወይ?

ባለፈው ሳምንት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በማታው ክፍል፣ አንዲት እናት የተጣጠፈ ወረቀት ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡን። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ጠላና ቢራ ሸጠው ነው። በገና ዋዜማ አንድ ሰው መጥቶ «በክርስቲያን በዓል መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሏል፤ ቅጣት ይክፈሉ» ብሎ 500 ብር ተቀብሏቸዋል። «ደረሰኙ ይኸው» አሉን።

እኛም «እትዬ፣ እርስዎ ያንብቡት» አልናቸው። ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ «የ-ው-ሃ ፍ-ጆ-ታ» ብለው አነበቡ። የሌላ ሰው የውኃ ሒሳብ ኖሯል! ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሕጉስ ምን ይላል? የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚባል አለ። 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍም ከልክሏል። ከዚያ በፊት የገናና የፋሲካ ዝግጅት በቢራ ማስታወቂያ የተሞላ እንደ ነበር ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ገና ነውና፣ ፋሲካ ነውና አትሽጡ የሚል ቃል ግን በአዋጁ ውስጥ የለም። ሌላ ትእዛዝ አለ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ቁጥሩንና ማኅተሙን ያሳያችሁ። እናንተው አንብቡት። ገንዘብ ከተከፈለም ደረሰኙ ላይ ስማችሁና የተከፈለበት ምክንያት ይጻፍ።

እንዲህ ያለ ሕግ በሌላ አገር አለ። አየርላንድ በምትባል አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1927 ጀምሮ በስቅለት ቀን መጠጥ ቤት ዝግ ነበር። ክልከላው የተነሣው በ2018 ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑ በስቅለት የማይጠጣው ጾም ስለያዘው ነው። የአፋር ወንድሞቻችንም የሚተዉት እስልምና ስለሚከለክላቸው ነው። ለዚህ ቅጣት ሰብሳቢ አይላክም።

ሰመራ የሚያስተምሩ ጓደኞቻችን ደግሞ የሾፌሩን ነገር አትርሱ ብለው ጻፉልን። እውነታቸውን ነው። የጅቡቲ ከባድ መኪና በሁለቱም ከተሞች ያልፋል። ታኅሣሥ 19 ከአዲስ አበባ ቁልቢ ገብርኤል የሚወርደው ሕዝብም በአዋሽ በኩል ነው የሚሄደው። ጠጥቶ መንዳት በበዓልም በአዘቦትም ክልክል ነው። መሪ ለያዘ ሰው ሻይ ይቅረብለት።

እትዬ ትናንት በራቸው ላይ በከሰል «ከ21 ዓመት በታች አይሰጥም» ብለው ጽፈው ጠበቁን። «ሰ»ን ወደ «ሸ» አብረን አስተካከልናት።