ኃይል ማመንጨትና ቤት ማብራት ለየቅል ናቸው

የመራዊ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም መራጮች ሆይ!

መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፣ በያጁ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ተማሪው በሻማ ያመሻል። ይህን የምናነሳው ሳታውቁት ቀርታችሁ አይደለም። የምንኖረው 460 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው ከጣና በለስ ብዙም ሳንርቅ ሆኖ ሳለ፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው በእኛ ስለደረሰ ነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። የሕዝብ ላብ ነውና እኛም ተደስተናል። ወር ሳይሞላው፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ፈረመ።

እኛ ቴክኖሎጂውን አንጠላም። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱም ተርባይን ያዞራል። ነዳጅ ለመቀየርና ለጥገና ካልቆመ በቀር ክረምት ከበጋ ሳይል ይሠራል። አንድ የ1,000 ሜጋ ዋት ማመንጫ 90 በመቶውን ጊዜ ቢሠራ በዓመት 7,900 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ይህም አምስት እጥፍ አቅም ካለው የሕዳሴ ግድብ ይገኛል ተብሎ ከተሰላው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ግማሹ ነው።

ዋጋውስ? ግብጽ በኤል ዳባ 4,800 ሜጋ ዋት ለመገንባት ከሩሲያ የተዋዋለችው ብድር 25 ቢሊዮን ዶላር ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረችውን ግንባታ አራቱንም ማመንጫዎች ሥራ አስጀምራ የጨረሰችው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ሀብታሟ አገር 12 ዓመት ከፈጀባት፣ ዛሬ ጨለማ ውስጥ ላለው ቤት ይህ መልስ ሊሆን አይችልም። ደግሞም መስመሩ ደካማ በሆነበት አገር አንድ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ቢቆም አገሩ በሙሉ ሊጨልም ይችላል። ያገለገለው ነዳጅም ለሺህ ዓመታት ጥበቃ ይፈልጋል።

የቆጋን ግድብ እናስታውስ። ውሃው ምንም ቢሞላ ቦይ ያልደረሰው ማሳ አይጠጣም። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው፤ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ካልደረሰ ግድቡ ብቻውን ቤት አያበራም።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦

1. ለኒውክሌር ብድር ከመፈረሙ በፊት ቅድሚያ ለከተሞችና ለገጠር ቀበሌዎች ማከፋፈያ መስመርና ትራንስፎርመር ይሰጥ።
2. ውሉና የብድሩ ወለድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በአደባባይ ይመርመር።
3. የደህንነት ተቆጣጣሪው ከገንቢውም ከአስፈጻሚውም ነጻ ሆኖ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ይሁን።

ድምፅ ሊጠይቃችሁ የሚመጣውን ሁሉ፣ እኛንም ጭምር፣ «ስንት ሜጋ ዋት?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ «የእኔ ቤት መቼ ይበራል?» በሉት። መልስ ከሌለው ተስፋው ላም አለኝ በሰማይ ነው።