የቤት ቁጠባና የእናት ድርሻ

ቁጠባ የተባለው ነገር በሁለት ጠላቶች መካከል የተቀመጠ ነው። በቀኙ ስስት፥ በግራው ብኩንነት አለ። ስስታም ሰው ያለውን ለራሱም ለሌላውም ሳያደርገው ያስቀምጠዋል፤ ብኩን ሰው የሌለውን ሁሉ ያወጣል፤ ቆጣቢ ሰው ግን ያለውን ዐውቆ፥ የሚያስፈልገውን ለይቶ፥ የነገውንም አስቦ ይኖራል። አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ማለታቸው ስለዚሁ ነው። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ግን ስለ ቁጠባ ጥቅም ብቻ አይደለም፤ የቁጠባው ሸክም በቤት ውስጥ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ጭምር ነው። ይህን ያልጠየቀ ቤት የቆጠበ ይመስለዋል እንጂ፥ በእውነቱ ከአንዱ ጉሮሮ ነጥቆ ለሌላው ያካፈለ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ያለውን፥ ስሙንም ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ያገኘውን የጦር ኃይሎችን ሰፈር መመልከት ይበቃል። ከአያት የሚነሣው የከተማ ባቡር መስመር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የሚያበቃው በዚህ ስፍራ ነው፤ የቀለበቱም መንገድ በዚሁ ያልፋል። ማለዳ ከመንደሩ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው፥ ደመወዝተኛውም፥ ነጋዴውም፥ የቀን ሠራተኛውም፥ ጡረተኛውም እያንዳንዱ በልቡ ሒሳብ ይዞ እንደሚሄድ ከፊቱ ያነብባል።

ይህ ሒሳብ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እጅግ ከብዷል። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ነገሩ የባንክ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የምግብ ዘይቱ አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ ወሬውን የወጥ ድስት ሳይቀር ሰምቶታል። የደመወዝ ጭማሪ በእግሩ ሲመጣ የዋጋ ጭማሪ በፈረስ ይመጣልና፥ ሁለቱ በአንድ ቀን ከቤት ደጅ የደረሱበት ጊዜ አይታወቅም።

እንዲህም ሆኖ ሕዝባችን ሳቁን አልተወም። በቁጠባ የሚኖር ቤት ውስጥ ብዙ የሚያስቅ ነገር አለ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ክፍያው እንደ ርቀቱ 2፥ 4 እና 6 ብር ነበረ። አንዳንዱ አባወራ ግን የመጓጓዣውን ወጪ ለማዳን ብሎ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ፥ በኮካ፥ በልደታና በተግባረ ዕድ አድርጎ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በእግሩ ይሄዳል። መሄዱ ለጤናም ለኪስም መልካም ነው። ነገር ግን ሜክሲኮ ሲደርስ «ደክሞኛል» ብሎ ቡና ቤት ገብቶ አንድ ማኪያቶና አንድ ቦንቦሊኖ ያዛል። እንግዲህ ያ የዳነው ገንዘብ ምን ሆነ ቢሉ፥ በእግር መጥቶ በአፍ ገባ ማለት ነው። የጫማውም ሶል ማለቁ ገና ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ቀኑ ረፈድ ሲል ደግሞ በየመንደሩ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ለዚህ ሰው የተበሳ ድስት፥ የተሰበረ ፕላስቲክና ባዶ ጠርሙስ ይሸጥለታል። ከእርሱም ቀጥሎ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ይመጣል፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ ሳፋ፥ ጆግ ወይም ሰሐን ይሰጣል። ከዚህ ሰው ጋር የሚደረገው ክርክር ችሎት ይመስላል። እርሱ «እናቴ፥ ይህ ኮት ክርኑ አልቋል» ሲላት፥ የቤት እመቤቲቱም «ክርኑ ቢያልቅ ደረቱ ደኅና ነው፤ ያንተስ ሳፋ ዛሬ ውኃ ቢይዝ ነገ መያዙን በምን ዐውቃለሁ?» ትለዋለች። በመጨረሻም ሁለቱም የተበደሉ መስለው፥ ሁለቱም በልባቸው ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ማታ አባወራው ኮቴ የት ሄደ ብሎ ሲጠይቅ፥ ኮቱ ሳፋ ሆኖ የልጆች ልብስ ሲታጠብበት ያገኘዋል።

የልጆችም ልብስ እንደ ርስት ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። እናት ለበኵር ልጇ የትምህርት ቤት ልብስ ስታሰፋ «ያድግበታል» ብላ እጅጌውን ታስረዝመዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ልጁ በልብሱ ውስጥ ይጠፋል፤ በሦስተኛው ዓመት ልብሱ በልጁ ላይ ያጥራል፤ ልክ የሚሆኑት በሁለተኛው ዓመት ብቻ ነው። ከዚያም ወደ ታናሹ ተሻግሮ ሒሳቡ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ለበዓል ሲሆን ደግሞ ዶሮ በ12 ብልት እንደምትከፈል የታወቀ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ግን 12 ብቻ ሆኖ አይመጣም። ስለዚህ ባለቤቲቱ እንቁላሉንና አይቡን እንደ ረዳት ጦር ታሰልፋለች። ፈረሰኛው ለአባወራው፥ መላላጫው ለእንግዳ፥ ሌላው ለልጆች ይሆናል። ለእርሷ ምን ደረሳት ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ የሚተርፋት መረቁ ነው።

በዚህ ሁሉ የሚያሳፍር ነገር የለም። ያደረ እንጀራ በማግሥቱ ፍርፍር ሆኖ ቢበላ፥ የተረፈውም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ቢሆን ጥበብ ነው እንጂ ድህነት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ያገኛትን ቍራሽ አድርቆ ለክፉ ቀን ያኖር ነበርና። በወንጌልም እንደ ተጻፈ፥ ጌታችን አምስት ሺህ ሕዝብ ከመገበ በኋላ ቍርስራሹ እንዳይጠፋ አስሰብስቦ 12 መሶብ ሞልቶ ተነሣ። እንጀራን በቃሉ ማብዛት የሚችለው ፍርፋሪን ለመሰብሰብ ካላፈረ፥ በወር ደመወዝ የምንኖር እኛ ልናፍር አይገባንም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ በዚሁ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ፍርፋሪው የተሰበሰበው ሁሉም በልተው ከጠገቡ በኋላ ነው። ሌላው እንዲጠግብ ብሎ ባዶ ሆዱን የተነሣ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። የእኛ ቤት ቁጠባ ከዚህ ምሳሌ የሚለየው በዚህ ላይ ነው።

በብዙ ቤት ማዕድ ሲቀርብ እናት ቆማ ታስተናግዳለች። «ነይ ብዪ እንጂ» ስትባል «እናንተ ብሉ፤ እኔ በልቻለሁ፤ ስሠራ ስቀምስ ጠግቤያለሁ» ትላለች። ወጥ ቀምሶ የጠገበ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ልጆች ይህን ቃል አምነው ይበላሉ፤ አባትም ባያምነው እንኳ ይበላል። የሽሮው ዱቄት ሲያንስ ውኃው ይበዛል፤ ውኃውም መብዛት የማይችልበት ቀን ሲደርስ የሚቀነሰው የእርሷ ድርሻ ነው። ይህን ለማወቅ የሚጻፍ ደብተር የለም፤ ማንም ሳይወስነው በየዕለቱ ይፈጸማል። ቤቱም «እኛ በቁጠባ እንኖራለን» እያለ ይመሰገናል።

ጾም ለነፍስ የታዘዘ ነው፤ እርሱን የሚነቅፍ የለም። ባል ሳይጾም ሚስት ብቻዋን የምትጾመው ጾም ግን በቀኖና አልተጻፈም። ይልቁንም ሐኪሞች ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ገንቢ ምግብ እንደሚያስፈልጋት፥ ይህንም ያጣች እንደ ሆነ ለደም ማነስ እንደምትጋለጥ፥ ጕዳቱም ለልጅዋ እንደሚተርፍ ያስተምራሉ። እንግዲህ ከእናት ሰሐን የተቆጠበው ገንዘብ ተቆጥቦ አልቀረም፤ ጥቂት ቆይቶ የሐኪም ቤትና የመድኃኒት ወጪ ሆኖ ወለድ ጨምሮ ይመለሳል። «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፥ ብልህ ያለቅሳል» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ዓመት ሙሉ በሽንኩርት ላይ ሲከራከር የኖረ ቤት የሠርግ ወይም የተዝካር ቀን ሲደርስ ሒሳቡን ሁሉ ይረሳል። «ሰው ምን ይለናል» በሚል ቃል ብቻ በሬ ይታረዳል፥ ድንኳን ይተከላል፥ ገንዘብ ይበደራል። እንግዳው በልቶ በማግሥቱ ረስቶታል፤ ዕዳው ግን ከማጀት ይከፈላል። ማጀቱ ደግሞ የማን እንደ ሆነ ከላይ ተናግረናል። ዕድራችንንም እንመልከት። ዕድር ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተው፥ የሚያኰራ ሥርዓታችን ነው፤ መዋጮውን በየወሩ የሚያጓድል ሰው አይገኝም። ዳሩ ግን ለቀብራችን የማይጓደል ሳንቲም ካለን፥ በሕይወት ላለችው ባለቤታችን ምሳ የማይጓደል ሳንቲም እንዴት እናጣለን?

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ገቢው ሳይበቃ ስለ ቁጠባ መስበክ በድኻ ላይ መቀለድ ነው» ይለን ይሆናል። ነገሩ በከፊል እውነት አለበት። ቁጠባ ድንጋይን እንጀራ አያደርግም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖርን ሰው «ቆጥብ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ለዚህም ነው የሸማቾች ማኅበራትና የእሑድ ገበያዎች እህልና አትክልት በተመጣጠነ ዋጋ እንዲያቀርቡ፥ በመካከል ገብቶ ዋጋ የሚያንረውም እንዲገታ ባለ ሥልጣኖች ሳይታክቱ መሥራት የሚገባቸው። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ከብዙ እናት ትከሻ ላይ የጧትና የምሳ ጭንቀት አንሥቷል፤ እንደዚህ ያለው ሥራ ሊጠናከር ይገባዋል። ነገር ግን የገበያው ዋጋ በእጃችን ባይሆንም፥ በቤታችን ያለው አከፋፈል በእጃችን ነው። ጥቂት ያለው ቤት ጥቂቱን በእኩል ለመካፈል የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

ስለዚህ የሚከተለውን ምክር ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ በወሩ መጀመሪያ ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠው ገቢና ወጪያቸውን በደብተር ይጻፉ። የአባወራው ቡናና የእመቤቲቱ ቅመም በአንድ ገጽ ላይ ይታዩ። በድብቅ የሚሠራ ቁጠባ ሁልጊዜ የሚጐዳው ዝም ያለውን ነውና።

ሁለተኛ፥ ልጆች ለዕድሜያቸው በሚገባ ያህል የቤቱን እውነት ይንገሯቸው። ሕፃን «የለም» የሚለውን ቃል ከነምክንያቱ ቢሰማ አይጐዳም፤ የሚጐዳው ዘወትር ተደብቆበት ኋላ በድንገት ሲያውቀው ነው። እውነቱን የሚያውቅ ልጅ መብራት ያጠፋል፥ እርሳሱን እስከ ጫፉ ይጽፍበታል፥ እናቱንም «እማዬ፥ አንቺስ በላሽ?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል።

ሦስተኛ፥ እቁብ የሚጥል ሰው የእቁቡ ገንዘብ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ይወስን። ስም የሌለው ገንዘብ ባለቤት እንደሌለው በግ ነው፤ የጠራው ሁሉ ይወስደዋል። ድግስም በኪስ ልክ ይሁን፤ በዕዳ የተጠራ እንግዳ እንግዳ አይባልም፥ አበዳሪ ይባላል እንጂ።

አራተኛውና ዋናው ይህ ነው፤ የእናት ድርሻ ከመሶቡ አስቀድሞ ይነሣ። ከተረፈ የሚሰጣት ሳይሆን፥ ከሌላው ጋር በልኩ የሚመደብላት ይሁን። እርሷም ተቀምጣ ትብላ። ወጡ ከቀጠነ ለሁሉ ይቅጠን፤ ከወፈረም ለሁሉ ይወፍር። በአገራችን ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ በእንግዳ ፊት ብቻ ሳይሆን በዘወትር ማዕድም የመጀመሪያዋን ጉርሻ ያበሰለችው ብታገኛት ወጪው ምንም ነው፥ ትምህርቱ ግን ለልጆች ሁሉ ይተርፋል።

በቁጠባ የሚኖር ቤት ሳቅ አያጣም፤ ስለ ኮቱና ስለ ሳፋው፥ ስለ ረዥሙ እጅጌና ስለ ሜክሲኮው ማኪያቶ ገና ብዙ ይሳቃል። ሳቁም ሸክምን ያቀልላል። ነገር ግን ሁሉም እኩል የሚስቁት ሁሉም እኩል ከበሉ ነው። «እኔ በልቻለሁ» የሚለው ቃል በቤታችን ሲነገር፥ እውነት መሆኑን ሳናረጋግጥ እጃችንን ወደ መሶቡ አንዘርጋ።