ዱቡሻው የማን ነው?

የመሬት ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «ይሸጥ፣ አይሸጥ» ላይ ያልቃል። የጋሞ ደጋ ግን ሌላ ጥያቄ አለው። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ሲወጣ፣ ከየቤቱ የእንሰት ጓሮ ባሻገር የማንም የግል ያልሆነ መሬት አለ፤ የግጦሽ መስክ፣ መጥረቢያ የማይነካው ደን፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ዱቡሻ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ በቁጣ በወጣው ወጣት ፊት እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩት አባቶች የዚህ ወግ ልጆች ናቸው።

ወረቀት ላይ ግን ዱቡሻው ጌታ የለውም። የ1967ቱ አዋጅ ገበሬውን ከባለርስት አላቀቀው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ መንግሥት የመሬት ባለቤት በመሆኑ የወል ይዞታ «እንደ አስፈላጊነቱ» ወደ ግል ይዞታ ሊዞር ይችላል ሲል ደነገገ። ለማን እንደሚያስፈልግ አልተጻፈም።

«መሬት የመንግሥት እስከሆነ ድረስ ምን ይደረጋል?» የሚል ታንዛኒያን ይመልከት። እዚያም መሬት የሕዝብ ነው፣ ባለአደራው ፕሬዚዳንቱ። ሆኖም በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንደር መሬት ሕግ አስተዳደሩን ለመንደሩ ምክር ቤት ሰጠ፤ ምክር ቤቱም ያለ መንደሩ ጉባኤ ፈቃድ መሬት አያድልም። (ታንዛኒያ ገነት አይደለችም፤ የሎሊዮንዶ ማሳዮች በ2022 ያዩትን አይተዋል።)

አዋጅ 456 በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1324 ተተክቷል። የጋሞ ገበሬ ለጓሮው አረንጓዴ ደብተር ሲሰጠው፣ ለዱቡሻውና ለመስኩም በማኅበረሰቡ ስም ደብተር ይውጣለት፤ ድንበሩም ሽማግሌዎቹ በተገኙበት ይለካ።