ዊኪውን የገደለው መምህሩ አይደለም

"መምህራን ቴክኖሎጂ አይወዱም" የምትባለዋ ነገር ሰለቸችኝ። በየስብሰባው ይቺው ናት። እስቲ ዛሬ በግልጽ እናውራ።

እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከሁለት ዓመት በፊት ዊኪ ተከፍቶልን ነበር። ለማታውቁት፣ ዊኪ ማለት ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ የሚያነበው፣ የሚጽፍበትና የሚያርመው የጋራ ድረ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን በ1995 እ.ኤ.አ. የከፈተው ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ከሃዋይ ቋንቋ ነው፤ "ቶሎ" ማለት ነው። የኛው ግን ቶሎ የሞተ ሆነ።

ሐሳቡ ግሩም ነበር። ሮስተር እንዴት እንደሚሠራ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ምዝገባ ምን ምን እንደሚጠይቅ፣ ለሚዛወር ተማሪ መሸኛ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሁሉም አንድ ቦታ። ታዲያ ምን ተደረገ? የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ ሻይ በዳቦ፣ የቡድን ፎቶ፣ በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ የይለፍ ቃል። አለቀ! ዛሬ ስትከፍቱት የሚመጣው የአምና ካቻምና የፈተና ፕሮግራም ነው። አንዴ የተሳሳተ መረጃ ያገኘ መምህር ተመልሶ ይከፍተዋል? እኔ አልፈርድበትም።

"ቴሌግራም ግሩፕ አለን አይደል?" የምትሉ አላችሁ። ቴሌግራም ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። ግን መስከረም ላይ የተለጠፈ ፋይል ጥር ላይ "እንኳን አደረሳችሁ" ሥር ተቀብሮ ነው የምታገኙት። ሦስት ዓይነት ፎርም አለ፤ ትክክለኛው የቱ ነው? ዊኪ ላይ ገጹ አንድ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘገባል፤ ቢበላሽ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። "አበላሸዋለሁ" ብሎ የሚፈራ ሞልቷል፣ ይሄን ግን ማን ነገረው?

"ኢንተርኔት የለም" የሚለውም ምክንያት አይሆንም። ዶኩዊኪ የሚባለው ነፃ ነው፤ ዳታቤዝ እንኳን አይፈልግም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በግቢው ውስጥ ኔትወርክ ይሠራል።

ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። የምዝገባውን አሠራር የሚያውቀው ባልደረባችን ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ተሸኘ። የተማሪዎችን ስም ፊደል ለማሳረም ስንት ቀን ተመላለስን! የሚንገላታው ደግሞ ተማሪው ነው።

እና ምን ይደረግ? አንደኛ፣ እያንዳንዱ ገጽ ባለቤት ይኑረው፤ የሁሉም የተባለ ሥራ የማንም አይሆንም። ሁለተኛ፣ ዊኪውን ለሚከታተለው መምህር በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት። ስልሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል ፈተና ሲያርም የሚያመሽ ሰው በትርፍ ሰዓቱ ይሥራው ማለት ግፍ ነው። ሦስተኛ፣ በየዲፓርትመንት ስብሰባው አሥር ደቂቃ ተሰጥቶ አንድ ገጽ አብረን እናድስ። አዲስ መምህር ሲመጣ ገጹን እያነበበ ይሥራ፤ ያልገባው ቦታ ላይ ይታረም። አራተኛ፣ አለቆች ስትጠየቁ "ገጹ ላይ አለ፣ ና አብረን እንየው" በሉ። እናንተ በስልክ እየመለሳችሁ ማን ይከፍተዋል?

"ሥልጠና ተሰጥቷል" ብሎ ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው። ጊዜ ስጡን፣ ባለቤት መድቡ። ከዚያ በኋላ ካልሠራን ያኔ ውቀሱን።

የእናንተ መሥሪያ ቤትስ እንዴት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።