ለቤትና ለጓሮ፦ የተዛወረ ተክል ስለ ምን ይጠወልጋል?

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገበያ የጤና አዳም፣ የበሶብላ ወይም የጽጌረዳ ችግኝ በላስቲክ ከረጢት ገዝተው ወደ ቤታቸው የሚወስዱ እናቶች ብዙዎች ናቸው። ችግኙ ወደ ዘይት ጣሳ በተዛወረ በሦስተኛው ቀን አንገቱን ሲደፋ «ውኃ ጠምቶታል» ይባልና ጠዋትም ማታም ይፈስበታል፤ ጥቂት ሰንብቶም ይሞታል። እኛ እንደምናስተውለው በየደጃችን ካሉት የጣሳ ተክሎች በጥም ከሚሞቱት ይልቅ በውኃ ብዛት የሚሞቱት ሳይበልጡ አይቀሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክል ውኃ የሚጠጣው በወፍራሙ ሥር ሳይሆን በሥሩ ጫፍ ባሉት፣ እንደ ጠጉር በቀጠኑት ሥሮች ነው። ሲዛወር እነዚህ ይበጠሳሉ፤ ቅጠሉ ግን እርጥበቱን ለፀሐይና ለነፋስ መስጠቱን አይተውም። ገቢው አንሶ ወጪው ስለ በዛ ይጠወልጋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወጪውን መቀነስ ነው፤ ይኸውም ችግኙን ወደ ማታ ማዛወር፣ ወዲያው ከሥር እስኪንጠባጠብ ድረስ አንድ ጊዜ ማጠጣት፣ ከዚያም ሰባት ወይም ዐሥር ቀን ያህል ከቀትር ፀሐይ ማስጠለል። ላስቲኩን ሳይቀዱ የሚተክሉ አሉ፤ ሥሩ በውስጡ ተጠምዝዞ ይቀራልና ይህ ፈጽሞ አይገባም።

ሥርም እንደ እኛ ይተነፍሳል። በአፈሩ መካከል ያለውን አየር ውኃ ሲያስወጣው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ መጠጣት ስለማይችል ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ ይጠማል። እንግዲህ የተጠማውና የሰጠመው በመልክ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ጣት ነው፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ አስገብቶ፣ ደርቆ ከተገኘ ማጠጣት፣ ከረጠበ መተው። አፈሩ ከገማ፣ የታችኞቹም ቅጠሎች ቢጫ ከሆኑ፣ ተክሉን አውጥቶ፣ ጠቍሮ የላሸቀውን ሥር በስለት ቈርጦ በአዲስ አፈር መትከል ይገባል። የደከመውን ያበረታል ብለው ማዳበሪያ የሚጨምሩም አሉ፤ ሥር የሌለው በምን ይበላል? አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቈይ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። የተተከለው በቀን ይቈጠራል፤ የጸደቀው ግን በዓመታት ነው። «ጸደቀ» የሚለውን ቃል ለጻድቅ ሰውም ሥር ለያዘ ችግኝም መጠቀማችን እንዲያው በከንቱ አይመስለንም።

የአገራችን ቀይ አፈር ብቻውን በጣሳ ሲገባ ይጠጥራል። ዋልካውም ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ውኃው በጣሳው ዳር ዳር ወርዶ ያልፋል፤ ከሥር መፍሰሱን አይቶ «ጠገበ» የሚል ይሳሳታል። ያን ጊዜ ጣሳውን ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ ይበጃል፤ ከታች ወደ ላይ ይጠጣል። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ መቀላቀልም ይህን ችግር ይቀንሳል። የጣሳው ታች በምስማር አራት አምስት ቦታ ካልተበሳ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

በስንት ቀን ይጠጣ ለሚሉን ቍጥር አንሰጥም። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም ይልቅ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ ብር ሸለቆ የወረደ ደግሞ በመጋቢት ፀሐይ ጣሳው ራሱ ግሎ ሥሩን ሲያቃጥለው ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ስለሚያጠጣ፣ ጣሳውን ከቤቱ ጠፈጠፍ ሥር ማራቅ ብቻ በቂ ነው።