መንገድ የሌለው ቦታ ያምራል?

ዛሬ ስለ አንዲት ደሴት ያለኝን አስተያየት ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ደሴቷ ሬዩኒየን ትባላለች። የምትገኘው በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ነው። የተፈጠረችው በእሳተ ገሞራ ሲሆን የምትተዳደረው በፈረንሳይ ነው።

በክፍላችን ስለዚች ደሴት ስናወራ ሁሉም የየራሱን መረጠ። አንዱ ዋና እወዳለሁና ወደ ምዕራቡ ዳርቻ እሄዳለሁ አለ። እዚያ የኮራል ድንጋይ ማዕበሉን ስለሚያቆመው ውኃው ጸጥ ያለ ነው። ሌላዋ እሳተ ገሞራውን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ የሚባለው ተራራ እስከ ዛሬ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 የቀለጠው ድንጋይ አንድ መንደር ውስጥ ገብቶ ቤት አቃጥሏል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ግን ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የመኪና መንገዱን ቆርጦ ባሕር ገባ። ዝናቡም ሌላ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1966 በ24 ሰዓት ብቻ 1,825 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል አታገኝም!

የእኔ ምርጫ ግን ማፋት ነው። ማፋት በደሴቷ መካከል ያለ፣ ዙሪያውን በትልልቅ ገደል የታጠረ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ውስጡ ትንንሽ መንደሮች አሉ። የመኪና መንገድ ግን የለም። የሚገባው በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ብቻ ነው። ከብዙ አገር ሰዎች ቦርሳቸውን አዝለው፣ ገደሉን ወጥተው ወርደው ሊያዩት ይመጣሉ።

ይህን ስናገር አንድ ጓደኛዬ «መንገድ የሌለው ቦታ ኋላ ቀር ነው፤ ምኑ ያምራል?» አለኝ። ሌላው ደግሞ «መንገድ ከገባማ ውበቱ ይጠፋል» አለ። እኔ ሁለቱም ግማሹን ብቻ ያዩ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ታሪኩን እንይ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1715 ከየመን የቡና ችግኝ አምጥተው ደሴቷ ላይ ተከሉ። የቡና መነሻው የኛው አገር መሆኑን ታውቃላችሁ። እርሻው ላይ የሚሠሩት ግን ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ በግድ የተወሰዱ ባሮች ነበሩ። ከነሱም አንዳንዶቹ አምልጠው እንደ ማፋት ባሉ ገደላማ ቦታዎች ተደበቁ። ባርነት እዚያ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። ስለዚህ ለነዚያ ሰዎች መንገድ አለመኖሩ ኋላ ቀርነት አልነበረም፤ ነፃነታቸው ነበር። አሳዳጁ በቀላሉ አይደርስባቸውማ!

አሁንስ? አሁን የማፋት ሰዎች መብራት የሚያገኙት ከፀሐይ ኃይል ነው። ለትንንሽ ልጆች እዚያው ትምህርት ቤት አለ። ከባድ ዕቃ በሄሊኮፕተር ይመጣል። ሰው በጠና ከታመመም ሄሊኮፕተር ይወስደዋል። እንግዲህ ማፋት መንገድ ባይኖረውም እርዳታ ይደርሰዋል ማለት ነው።

አያቴ የምትኖርበት መንደርም መንገድ የለውም። ገደሉ፣ ጉሙ፣ ወንዙ ሲያዩት ያምራል። እኔም ለክረምት ስሄድ መውጣት መውረዱ ደስ ይለኛል። አምና ግን አያቴ ታመመችና ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው ድረስ አራት ሰዓት ተጓዙ። ዝናብ ነበር። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከጎን ከጎኗ እየሄድኩ አለቀስኩ። ያን ቀን ስለ ውበቱ ትዝ ያለው ሰው የለም። እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። በእግር መጓዝ የሚያስደስተው ወደን ስንጓዝ ነው። አንድን ቦታ «መንገድ አይግባበት፣ እንዲሁ ያምራል» ከማለታችን በፊት «እዚያ የሚኖር ሰው ቢታመም ምን ይደርስለታል?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካለው እንደ ማፋት እንዳለ ይቆይ፤ የሚኖሩበት ሰዎችም ይወስኑ። መልስ ከሌለው ግን መጀመሪያ ወይ መንገዱ፣ ወይ ሐኪሙ ይምጣ። ጎብኚ አይቶ ይመለሳል፤ ነዋሪው ግን እዚያው ነው።

አንድ ቀን ማፋት ብሄድ ፎቶ ከማንሳቴ በፊት የማነጋግረው እዚያ የሚኖሩ አያቶችን ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ ሐሳባችሁን ጽፋችሁ በክበባችን ሣጥን ውስጥ ክተቱልኝ፤ በሚቀጥለው እትም እንከራከራለን።